መጀመሪያ አሳዩን፣ ከዚያ ቅጡን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከቱሉ ዲምቱ ነው። እዚህ አካባቢ ባለች አንዲት ትንሽ የማኅበረሰብ ራዲዮ በበጎ ፈቃድ መሥራት ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ደመወዝ የለኝም። ቀን ሌላ ሥራ አለኝ፤ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ ማታ ማታና ቅዳሜ ግን ጣቢያው ነኝ። ስሟን ያልጠቀስኩት ጉዳዩ የእሷ ብቻ ስላልሆነ ነው። የትም ያለች ትንሽ ጣቢያ የምታውቀው ነገር ነው።

ጉዳዩ የመዝገብ ጉዳይ ነው። ራዲዮ ጣቢያ ያስተላለፈውን ሁሉ ቀድቶ ማስቀመጥ አለበት። ማን ተናገረ፣ ስንት ሰዓት፣ ስለ ምን፣ ይህም መጻፍ አለበት። ሲጠየቅ ማቅረብ አለበት። ካላቀረበ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ ቅጣት ይመጣል። እኔ ግዴታውን አልቃወምም። የምቃወመው ቅጣቱ የሚመጣበትን መንገድ ነው፤ የሆነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

አንድ ቀን ከሚመለከተው ቢሮ ሁለት ሰዎች መጡ። በትህትና ነው የመጡት፣ ይህን መሸሸግ አልፈልግም። «ጥቅምት 12 ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የተላለፈውን ፕሮግራም ቅጂ ስጡን» አሉ። ነዋሪዎች እየደወሉ ስለ ውሃ ፈረቃ የተናገሩበት ነው፣ ቅሬታ ቀርቦበት ነበር። ደብተሩን አወጣን። አለ። በሰማያዊ እስክሪብቶ «ጥቅምት 12፣ 2:30፣ ውሃ፣ 4 ደዋዮች» ይላል። እፎይ ብለን ኮምፒውተሩን ከፈትን።

ችግሩ እዚህ ነው የጀመረው። ቅጂው ላይ ስም የሚጽፈው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው፣ የሚጽፈውም በፈረንጅ ቀንና በፈረንጅ ሰዓት ነው። ተረኛው ልጅ ገና አዲስ ነው፣ ሰው ቆሞበት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ጥቅምት ማለት ኦክቶበር ነው ብሎ ኦክቶበርን ከፈተ፣ 12ን ፈለገ፣ 2:30ን ፈለገ። ምንም የለም። የኮምፒውተሩ 2:30 ለእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ነው፤ በዚያ ሰዓት ጣቢያው ዝግ ነው፣ ሰፈሩም ተኝቷል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር፣ ለእኔም አልታየኝም። ሰዎቹ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቁን፣ ከዚያ «ቅጂ አልተገኘም» የሚል ቃለ ጉባዔ ጻፉ፣ ፈረምን፣ ሄዱ።

ማታ ላይ ቡና ይዤ ቁጭ ብዬ በጣቴ ቆጠርኩ። ጥቅምት 12 በፈረንጅ ኦክቶበር 22 ነው። ጠዋት 2 ተኩል ደግሞ 8:30 ነው። ከፈትኩት። አለ! የደዋዮቹ ድምፅ፣ የሚያልፈው የባጃጅ ጥሩንባ ሳይቀር፣ ሁሉም ቁጭ ብሏል። በማግስቱ በፍላሽ ይዘን ሄድን፣ ተቀበሉን። ግን የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ አልቀረም። ድጋሚ ቢከሰት ቅጣት እንደሚከተል ይናገራል፣ ዛሬም ፋይላችን ውስጥ አለ።

በዚያ ሰበብ የሌሎቹን ቀናት ቅጂ ስንፈትሽ ደግሞ በእውነት የጠፋ አገኘን። ይህኛው የእኛው ጥፋት ነው። እዚህ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ በቀን ሁለት ሦስቴ የሚሄድበት ጊዜ አለ። መብራት ሲሄድ ቀረጻው ይቆማል፤ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ቀረጻውን ግን ሰው ካላስጀመረው አይጀምርም። ይባስ ብሎ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሰዓት የምትጠብቅ የሳንቲም መጠን ያላት ባትሪ አለች። እሷ ስታልቅ መብራት በሄደ ቁጥር የኮምፒውተሩ ሰዓትና ቀን ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ የሳምንት ቅጂ በድሮ ቀን ተጽፎ አገኘነው፤ የየትኛው ቀን እንደሆነ ለመለየት ቁጭ ብለን ዜናውን ማዳመጥ ነበረብን። ለዚያች ባትሪ የከፈልነው ለሁለት ሰው ምሳ ከምንከፍለው ያነሰ ነው። ግን ስለሷ የነገረን አልነበረም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። የመጡት ሰዎች በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ «ሰዓቱን በፈረንጅ ቀይራችሁ ፈልጉ» ቢሉን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ወይም ፈቃድ ስንወስድ አንድ ገጽ መመሪያ፣ አንድ የደብተር ናሙና ቢሰጠን። የብሮድካስት ሥራን የሚገዛውን አዋጅ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ 533/1999 ነበረ፣ አሁን 1238/2013 አለ። የማኅበረሰብ ብሮድካስት ከሕዝቡና ከንግዱ ተለይቶ በስሙ ተጠርቷል፣ ደስ የሚል ነገር ነው። ግን በስሙ የተጠራውን ያህል በአቅሙ አልታየም። መሀል ከተማ ያለ ትልቅ ጣቢያ የሕግ ባለሙያ አለው፣ የሒሳብ ሠራተኛ አለው፣ ቅጂ ብቻ የሚጠብቅ ሰው አለው። እኛ ጋ ቅጂ የሚጠብቀው፣ ሚክሰሩን የሚይዘው፣ ስልክ የሚያነሳውና ወለሉን የሚጠርገው አንድ ልጅ ነው።

ይህ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ መስሎኝ ነበር። አይደለም። አሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸዋል። እዚያ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የሚባለው መሥሪያ ቤት እያንዳንዱ ጣቢያ ለሕዝብ ክፍት የሆነ መዝገብ እንዲኖረው ያስገድዳል። ድሮ በጣቢያው ውስጥ የሚቀመጥ ፋይል ነበር፤ ማንም ሰው ከመንገድ ገብቶ «አሳዩኝ» ማለት ይችላል። ከ2016 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የራዲዮዎቹ መዝገብ ወደ ኢንተርኔት ተዛወረ። ከሚጠየቁት አንዱን በጣም ወድጄዋለሁ፦ በየሦስት ወሩ የአካባቢው ሕዝብ ዋና ችግሮች ምን ነበሩ፣ እኛስ በየትኛው ፕሮግራም አነሳናቸው ብሎ መጻፍ። ሦስቱ ወር ካለቀ በኋላ በ10 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። እኛም ብንጠየቅ ደስ ይለኝ ነበር፣ ውሃ፣ ታክሲ፣ መብራት፣ የትምህርት ቤት ርቀት ብዬ በአንድ ትንፋሽ እጽፈዋለሁ።

ቅጣቱ ግን ከባድ ነው። መዝገቡን ላላሟላ ጣቢያ መነሻው 10,000 ዶላር ነው። ፈቃዱ የሚታደሰው በ8 ዓመት አንዴ ስለሆነ ያ ሁሉ ወረቀት፣ በዓመት አራት ሲሆን 32 የሦስት ወር ዝርዝር ማለት ነው፣ ዕድሳት ሲደርስ ይታያል። ጣቢያውም «ሁሉም ተሟልቷል» ብሎ እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል። እና ምን ሆነ መሰላችሁ? «አልተሟላም» ብለው እውነቱን ራሳቸው የተናገሩ ትንንሽ ጣቢያዎች ተቀጡ። ተማሪዎች የሚያንቀሳቅሷቸው የኮሌጅ ራዲዮዎች ጭምር። ልጆቹ በየዓመቱ ይመረቃሉ፣ አዲሶቹ ከአምስት ዓመት በፊት የነበሩት ምን እንዳስቀመጡ ከየት ያውቃሉ? ይህን ሳነብ የእኛው ልጅ እጁ ሲንቀጠቀጥ ነው የታየኝ።

ግን ዝም ብለው አልቀጠሉም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 (ከእኛ አዋጅ ዓመት ጋር እንዳይምታታባችሁ፣ ይህኛው የፈረንጅ ነው) ኮሚሽኑ አሠራሩን አሻሻለ። ተማሪዎች የሚመሩት ጣቢያ የወረቀት ጥፋት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተገኘበት፣ በቀጥታ ያንን ትልቅ ቅጣት ከመጣል ይልቅ ስምምነት ይፈራረማሉ። ጣቢያው ወደፊት መዝገቡን እንዴት እንደሚይዝ ዕቅድ ያቀርባል፣ የሚከፍለውም ይቀንስለታል። አዮዋ ውስጥ ያለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ራዲዮ በዚህ መንገድ 2,500 ዶላር ከፍሎ ሥራውን ቀጠለ። ሌላም ጣቢያ ቢሆን አቅም የለኝም ካለ ያለፉትን ዓመታት የገቢ ሰነድ አቅርቦ ቅጣቱ እንዲቀነስለት መጠየቅ ይችላል። ሕጉን አልሻሩትም። መዝገቡም አልቀረም። ሰው ስለ አንድ ወረቀት ጣቢያ እንዳይዘጋ ብቻ ነው ያደረጉት።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ታዲያ መዝገቡ ራሱ ለምን ያስፈልጋል፣ ይቅር» ይላሉ። በዚህ አልስማማም። ባለፈው ክረምት አንድ ባለ ሱቅ አባት ተቆጥተው ጣቢያው ድረስ መጡ። «ዘይት ደብቋል ተብሎ ስሜ በራዲዮ ተጠርቷል» አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ነግሯቸዋል። እኔ ወንበር ሰጠኋቸው፣ ቅጂውን ከፈትኩ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረን ሰማነው። ደዋይዋ የማንንም ስም አልጠራችም፤ «ከፋርማሲው አጠገብ ያለው» ነው ያለችው፣ ከፋርማሲው አጠገብ ደግሞ ሦስት ሱቅ አለ። እሳቸው መሀል ላይ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ሲያልቅ «እንዲህ ከሆነ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተነሱ። ቅጂው ባይኖር ምን እላቸው ነበር? እሳቸውስ ማንን ያምኑ ነበር? ደዋይዋን ጠብቋታል፣ እሳቸውን ጠብቋቸዋል፣ እኛንም ጠብቆናል። ስማቸው በእውነት ተጠርቶ ቢሆን ደግሞ በዚያው ቅጂ መብታቸውን ይጠይቃሉ። የአየር ሞገዱ የሕዝብ ነው፣ ሕዝቡ የተባለውን መልሶ መስማት አለበት።

ውድም አይደለም። አስልቼዋለሁ። ንግግር በደንብ በሚሰማበት ጥራት፣ ማለትም በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ሲቀዳ፣ የአንድ ሰዓት ስርጭት 29 ሜጋባይት ገደማ ነው። እኛ በቀን 6 ሰዓት ነው የምናስተላልፈው። የዓመቱ ሁሉ ተደምሮ 63 ጊጋባይት ቢሆን ነው። አንድ የ128 ፍላሽ ዓመቱን ሙሉ ይይዛል፣ ቦታም ይተርፈዋል። ሁለት ገዝቶ አንዱን ሌላ ቤት ማስቀመጥ ነው። ስለዚህ «አቅም የለንም» የሚለው ቅጂ ላለማስቀመጥ ሰበብ አይሆንም፣ ይህን ለጓደኞቼም እላለሁ። የጎደለን የሚያሳየን ሰው ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሚመለከተው አካል ለትንንሽ ጣቢያዎች አንድ ወጥ የመዝገብ ቅጽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ያዘጋጅልን። ቁጥጥር ከመምጣቱ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ለማሳየት ይምጣ። የጠፋ ነገር ሲገኝ ለማስተካከል ቀን ይሰጠን፣ አንድ ወር በቂ ነው። ከዚያ በኋላም ካላስተካከልን ይቅጣን፣ ቅጣቱ ግን የጣቢያውን ገቢ ያየ ይሁን። ወረቀት ያጎደለና በአየር ላይ ሰው ከሰው ያጋጨ በአንድ ሚዛን አይመዘኑ። ሁለተኛው ላይ ለእኛም ምሕረት አልጠይቅም።

እኛ በበኩላችን ደብተሩን ቀይረነዋል። አሁን ሁለት የቀንና የሰዓት ዓምድ አለው፤ ግራው የእኛ፣ ቀኙ የኮምፒውተሩ። ከጎኑ መብራት የሄደበትና የተመለሰበት ሰዓት ይጻፋል፣ ቀረጻውን መልሶ ያስጀመረው ሰው ይፈርማል። ማታ የሚዘጋው ሰው የዕለቱን ቅጂ ከፍቶ አንድ ደቂቃ ሰምቶ ነው የሚወጣው። ያ እጁ የሚንቀጠቀጥ የነበረው ልጅ አሁን የትኛውንም ቀን ብትጠሩለት በሁለት ደቂቃ ያወጣላችኋል። ሌላ ቦታ እንደኛው የተቸገረ ጣቢያ ካለ በጋዜጣችሁ በኩል ይጻፍልኝ፤ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስቼ እልካለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ