እማዬ፣ ጉርሻውን ቀንሺለት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ጅማ

እንደምን ሰነበትሽ? ስለ ወንድሜ «አንጎሉ ከተጎዳ ወዲህ ልጄ ምንም ለውጥ የለውም» ያልሽኝ ከሆዴ አልወጣም። በየቀኑ የሚያይ ዓይን ለውጥ አይታየውም፤ ስለዚህ እንለካው።

መጀመሪያ እርምጃውን እንለካ፦ ከወንበሩ እግር ጀምረሽ 3 ሜትር ለኪና ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፊ። ወንበሩ መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ያለው፣ መቀመጫው ከወለል 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ይሁን። ሳሎን ባለው የጅማ በርጩማ ላይ አደራ አታስቀምጪው፤ ዝቅ ስለሚል መነሣቱ ብቻ ያደክመዋል፣ ሰዓቱም ይዛባል። «ተነሥ» ስትዪ የስልኩን ሰዓት አስጀምሪ፤ በወትሮ እርምጃው ፕላስተሩ ጋ ደርሶ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ ሲቀመጥ አቁሚ። የመጀመሪያው ዙር ለልምምድ ነው፣ አይጻፍም፤ የሁለተኛውን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፊ። አጠገቡ ሰው ይቁም እንጂ አይንካው፤ ከተነካም ይጻፍ። ከዘራ መያዙንም ጻፊ።

በሳምንት አንዴ ይበቃል፤ ግን ያው ቀን፣ ያው ሰዓት፣ ያው ጫማ። ጠዋት ይሻላል። አንጎሉ የተጎዳ ሰው ቶሎ ስለሚዝል የከሰዓቱ ውጤት ከጠዋቱ ጋር አይወዳደርም። እንቅልፍ ባጣ ማግሥት ተዪው። አንድ ሳምንት ላይ ሰዓቱ ቢረዝም አትደንግጪ፤ የአራት አምስት ሳምንቱን ውጤት አስተያዪ።

ፊዚዮቴራፒስቱ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያው) የሚሞላው ቅጽ ባርተል ይባላል፤ የዕለት ተዕለት ነገሮችን ምን ያህል ለብቻው እንደሚያደርግ ይለካል፤ 10 ጥያቄ፣ ከ0 እስከ 100። ለምሳሌ መብላት፦ ለብቻው ከበላ 10፣ በከፊል ከታገዘ 5፣ ሰው ካጎረሰው 0። ቅጹ የሚጠይቀው «ይችላል ወይ?» ሳይሆን «ያደርጋል ወይ?» ነው። እማዬ፣ አንቺ ስታጎርሺው ከዋልሽ እጁ ቢድንም እንኳ የሚጻፈው 0 ነው፤ እጁም ልምምዱን ያጣል። እንጀራውን ራሱ ይቁረስ። ወጡ ልብሱ ላይ ቢንጠባጠብ ይታጠባል። ስታዪው ሆድሽ እንደሚባባ አውቃለሁ፤ ግን ጠብቂው።

ባርተል ማስታወስን አይለካም። 100 የሞላ ሰው እንኳ ምድጃ ላይ ድስት ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ቡና ስታፈዪ «ሲኒ፣ ስኳር፣ ማራገቢያ አምጣልኝ» ብለሽ አንዴ ብቻ ንገሪውና ሳታስታውሺው ስንቱን እንዳመጣ ጻፊ። ሲኒውን ብቻ ይዞ መጥቶ ስኳሩንና ማራገቢያውን ቢረሳ አትቆጪው፤ 1 ብለሽ ጻፊ። ቴሌቪዥኑ ይጠፋ፤ ጫጫታ ሐሳቡን ይበትነዋል።

አንድ ነገር ግን ሳምንት አይጠብቅም፦ በድንገት እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ ያልተለመደ ድብታ፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የሚጥል በሽታ ካየሽ ደብተሩን ትተሽ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰጂው።

በቀጠሮው ቀን ደብተሩን ይዘሽ ሂጂ።

ልጅሽ