የሴፍቲኔት ካርዱ ላይ የተጻፈውን የሰው ቁጥር እዩልን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በወሎ ስለ ልማታዊ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ምግብ ለሚጎድለው ቤተሰብ በሥራ ወይም ያለ ሥራ እህል ወይም ገንዘብ ስለሚሰጠው ፕሮግራም፣ በተነሣ ቁጥር የሚሰማው «ማን ገባ? ማን ቀረ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከዚያ ያላነሰ ጉዳት እያደረሰ ብዙም የማይነገርለት ግን ሌላ ነው፦ የገባው ቤተሰብ በስንት ሰው ገባ? አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በሁለት ሰው ሲመዘገብ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ስላለ ቅሬታ አያቀርብም፤ ቀበሌውም ተጠቃሚ ብሎ ይቆጥረዋል። ረሃቡ ግን ከቤቱ አልወጣም።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ድጋፉ የሚታሰበው በነፍስ ወከፍ ነው፤ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ፣ ወይም ይህን የሚገዛ ገንዘብ። የማኅበረሰብ ሥራውም እንዲሁ ነው፤ ለአንድ የተመዘገበ ሰው በወር 5 የሥራ ቀን። አምስት ሰው ያለበት ቤት 75 ኪሎ እህልና 20 ኪሎ ጥራጥሬ ያገኛል፣ 25 ቀን እርከን ይሠራል ወይም ጉድጓድ ይቆፍራል። ያው ቤት በሁለት ሰው ከተመዘገበ የሚደርሰው እህል 30 ኪሎ ነው። በቀን ለአንድ ሰው ግማሽ ኪሎ እየታሰበ ከተበላ በ12ኛው ቀን ጆንያው ይራገፋል። ለቀሩት 18 ቀናት እናት በጓን ትሸጣለች፣ አባት ለዘር ያስቀመጠውን ያወጣል፣ ልጁ ትምህርቱን ትቶ እረኛ ሆኖ ይቀጠራል። ፕሮግራሙ በ1997 ሲጀመር የታሰበው ደግሞ ይኸው እንዳይሆን ነበር፤ ችግረኛው የጎደለበትን ወር ለመሙላት ጥሪቱን እንዳይሸጥ።

ይህ ለምን ይሆናል? ብዙ ጊዜ በክፋት አይደለም። ወረዳው ለቀበሌ የሚያወርደው ኮታ በሰው ቁጥር ነው። ለምሳሌ ለአንድ ቀበሌ የ600 ሰው ኮታ ደረሰው እንበል። በቤት አምስት አምስት ሰው ካለ 120 ቤተሰብ ይይዛል። በየጎጡ ሲጣራ ግን 200 ቤት መስፈርቱን የሚያሟላ ሆኖ ይገኛል። መራጮቹ ሽማግሌዎች እነዚያኑ ሰዎች ነገ በቅሬ (በዕድር) ያገኟቸዋል፤ አብረው ይቀብራሉ፣ አብረው ያርሳሉ። ሰማንያውን ቤት «እናንተ ቆዩ» ማለት ይከብዳቸዋል። ስለዚህ «ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ይድረሰው» ይባልና ለእያንዳንዱ ቤት ሦስት ሦስት ሰው ይታደላል። ሀሳቡ የጎረቤት ርኅራኄ ነው፤ ይህን አላጣጥልም። ነገር ግን ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ እጅግ የደኸየው ቤት ክፍተቱ ሳይሞላለት ይቀራል። ሁለተኛውና የማይታየው ጉዳት ደግሞ ይህ ነው፦ ለወረዳ የሚላከው ሪፖርት 200 ችግረኛ ቤት ተገኘ፣ 200ው ተጠቃሚ ሆነ ይላል። እጥረቱ ከወረቀት ላይ ይጠፋል። 120ው በሙሉ ቤተሰብ ተመዝግቦ የ80ው ስም «መስፈርቱን አሟልተው በኮታ ማነስ የቀሩ» ተብሎ ቢላክ ኖሮ፣ ቀበሌው በሚቀጥለው ዓመት ተጨማሪ ኮታ የሚጠይቅበት ማስረጃ በእጁ ይኖረው ነበር።

መመሪያው «ሙሉ ቤተሰብ» የሚለው ለዚህ ነው። ከሁሉ ከደኸየው ቤት ይጀመርና አባሎቹ ሁሉ ይመዘገባሉ፤ ኮታው እስኪያልቅ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል። በፕሮግራሙ አራተኛ ዙር የገባ አንድ ጣሪያ ግን አለ፤ ለአንድ ቤተሰብ ቢበዛ 5 ሰው። ሰባት ነፍስ ያለበት ቤት በአምስት ቢመዘገብ በደል ተፈጸመበት አይባልም። በሁለት ቢመዘገብ ነው በደሉ።

የቤተሰቡ ቁጥር የሚሳሳትበት ቦታም ይታወቃል። አያቶቹ ጋር የሚያድግ ወላጅ አልባ ልጅ በአያቶቹ ቤት መቆጠር ሲገባው ከየትም ሳይቆጠር ይቀራል። ጎጆ የወጡ ወጣት ባልና ሚስት በወላጆቻቸው ግቢ ስለሚኖሩ ብቻ ከወላጆቻቸው ጋር ይደመራሉ፤ መሬት የላቸውም ተብለውም ይገፋሉ። መሬት መያዝ ግን ለመግባት መስፈርት አይደለም። ሁለት ሚስት ያለው ሰው ከአንደኛዋ ጋር ይቆጠራል፤ ሌላዋ ከልጆቿ ጋር በራሷ ስም፣ ራሷን እንደቻለች እማወራ ትመዘገባለች። ይህ ሲዘነጋ አንድ ቤት ከነልጆቹ ከዝርዝሩ ይወጣል። ከምዝገባው በኋላ የተወለደ ሕፃንም ዝርዝሩ በሚታደስበት ጊዜ ካልተነገረለት ማንም መጥቶ አይጠይቅለትም።

አሁን ወደ መስፈርቱ ልግባ። ቤተሰቡ የዚያው አካባቢ ነዋሪ መሆን አለበት። ባለፉት 3 ዓመታት በየዓመቱ 3 ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት የነበረበት፣ ወይም በድንገት ጥሪቱን ያጣ፣ ወይም ደግሞ የሚጦረው ዘመድና ሌላ ድጋፍ የሌለው ከሆነ ይታያል። ክፍተቱ በግምት ሳይሆን በስሌት ቢቀርብ ክርክሩ ያጥራል። አምስት ሰው በወር 75 ኪሎ ይበላል ብለን እንያዝ። ቤተሰቡ 6 ኩንታል ገብስ ካገባና 60 ኪሎ ለዘር ካስቀረ የሚበላው 540 ኪሎ ነው። ለ75 ሲካፈል ከ7 ወር ትንሽ ያልፋል። የቀረውን አምስት ወር ገደማ በቀን ሥራ፣ በእንስሳትና በሌላ ገቢ ስንት ወር ይሞላዋል? ሁለቱን ወር ከሞላው ክፍተቱ ሦስት ወር ገደማ ነው። ሽማግሌዎች ፊት ይህን አስልቶ ማስረዳት «ድሃ ነኝ» ከማለት ይሻላል።

በእኛ አካባቢ ግን የአቆጣጠሩ ወቅት ራሱ ችግር አለበት። በደላንታ፣ በግዳን፣ በለጋምቦ ደጋ ብዙው ሰው በበልግ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል፤ ምርቱን የሚሰበስበው በሰኔና በሐምሌ ነው። ልየታው (የተጠቃሚዎቹ መረጣ) መኸር ሲሰበሰብ፣ አውድማው በሞላበት ወቅት ከተሠራና መለኪያው የመኸሩ ክምር ብቻ ከሆነ፣ በልጉ የከሸፈበት ደገኛ መስፈርቱን አላሟላም ይባላል። ስለዚህ ሦስቱን ዓመት ስትቆጥሩ በልጉንና መኸሩን ለየብቻ ጻፉ።

«በሬ ያለው አይገባም» የሚባለውም ከመመሪያ የመጣ አይደለም። ጥሪት ይታያል፤ የመሬቱ ስፋትና ጥራት፣ ከብቱ፣ ጎተራው፣ ከእርሻ ውጭ የሚገኝ ገቢ፣ ከዘመድ የሚላክ ገንዘብ። የሚታየው ግን ከጎረቤት ጋር እየተነጻጸረ፣ በጥቅሉ ነው። አንድ በሬ ያለው ሰው መቀናጆ ካላገኘ አያርስም፤ ለመመዝገብ ብሎ በሬውን ከሸጠ ደግሞ ለዓመታት ከዝርዝሩ የማይወጣ ድሃ ሆነ ማለት ነው። «ልጁ ዐረብ ሀገር ናት» ተብለው የሚሰረዙ ቤቶችም ብዙ ናቸው። ልጅቷ መሄዷ ገቢ አይደለም። መታየት ያለበት በዓመቱ ውስጥ በእርግጥ የተላከ ገንዘብ መኖሩና መጠኑ ነው። ለመንገዷ የተበደሩትን ገና እየከፈሉ ያሉ ወላጆች በስሟ ሲሰረዙ ማየት ያሳዝናል።

ስለ ሥራው ባጭሩ። አንድ መሥራት የሚችል ሰው በወር ከ15 ቀን በላይ አይሠራም። በአምስት ሰው የተመዘገበ ቤት ሠራተኛው አንድ ብቻ ከሆነ 15 ቀን ሠርቶ የ25ቱን ቀን ክፍያ ይወስዳል፤ ቀሪው 10 ቀን ያለ ሥራ የሚሰጥ ነው። «ያልሠራህበት ተቆርጧል» ከተባለ ያ ስሕተት ነው። መሥራት የሚችል አንድም ሰው የሌለበት ቤት፣ የአረጋውያን፣ የአካል ጉዳተኛ ወይም የረጅም ጊዜ ሕመምተኛ ቤት፣ በቋሚ ቀጥታ ድጋፍ (ያለ ሥራ በሚሰጠው) ይገባል፤ ድጋፉም ለሠራተኞቹ ለ6 ወር ሲሆን ለእነዚህ ለ12ቱም ወር ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ከ4ኛ ወሯ ጀምሮ ልጇ ቢያንስ 1 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከሥራ ወጥታ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች፤ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን የምታስታምም እናትም እንዲሁ። ቀድሞ 6ኛ ወር ይጠበቅ ስለነበር አሁንም በዚያው የሚሠሩ የሥራ መሪዎች አሉ። የሚያስፈልገው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ማረጋገጫ ነው። ለሥራ መሪው ሳይደርስ ከቀረ ድንጋይ እየተሸከመች ትቀጥላለች፤ ስለዚህ ወረቀቱን በእጅ ይዞ ማድረስ ነው የሚሻለው።

ቅሬታን በተመለከተ አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው በጊዜ ነው። የተመረጡት ስም ዝርዝር ሕዝብ በሚያየው ቦታ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይለጠፋል፣ ከዚያም በነዋሪው ስብሰባ ተነቦ ይጸድቃል። በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ በሩ በተቆለፈ ክፍል ግድግዳ ላይ የዋለ ወረቀት ተለጠፈ አይባልም። መለጠፍስ ለማንበብ ለማይችለው ምን ይረዳዋል? ስለዚህ በስብሰባው ላይ ስሙ ሲነበብ የሰው ቁጥሩም አብሮ እንዲነበብ ጠይቁ፤ «እገሌ፣ በአምስት ሰው» ተብሎ። የተሳሳተ ቁጥር በአደባባይ ሲነበብ ጎረቤት ራሱ ያርመዋል። ካልታረመ ወደ ቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነው የሚኬደው፤ በልየታው ውስጥ የነበረ ሰው የዚያ ኮሚቴ አባል መሆን የለበትም። አቤቱታው አጭር ይሁን፤ የቤተሰቡ አባላት ስም ከነዕድሜያቸው፣ የተመዘገበው ቁጥርና ትክክለኛው ቁጥር፣ ያመለከቱበት ቀን። ሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ በአንደኛው ላይ የተቀባይ ፊርማና ቀን ማስፈር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ከወር በኋላ «አልደረሰንም» ሲባል መልስ አይኖርም። ኮሚቴው ያልፈታውን ወደ ወረዳ ምክር ቤት ያስተላልፋል። «ተረስቻለሁ» ብቻ የሚል አቤቱታ የሚጣራ ነገር ስለሌለው ብዙውን ጊዜ እዚያው ይተኛል።

የተጠቃሚነት ካርዱ በነፃ ነው የሚሰጠው፤ የባልም የሚስትም ፎቶ ይለጠፍበታል፣ ከሁለቱ አንዳቸው መውሰድ ይችላሉ። ከክፍያው ላይ ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ለመዋጮ ወይም ለሌላ ነገር መቁረጥ አይፈቀድም።

አንድ የሚያምታታ ነገር ልጨምር። የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ሌላ ዝርዝር ነው፤ በድርቅ ወይም በመፈናቀል ለተጎዳ ይሰጣል፣ የተለመደው መጠኑም ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1 ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው አንዴ «ዘይቱ ተበላ»፣ አንዴ «ክኩ ተበላ» እያለ ይጣላል። የትኛው ዝርዝር ላይ እንዳለ መጀመሪያ ይጠይቅ። በሰኔ 2015 እርዳታው ላልተገባ ዓላማ እየዋለ ነው ተብሎ በመላ አገሪቱ ከተቋረጠና በ2016 እንደገና ከተጀመረ ወዲህ ምዝገባውና ቁጥጥሩ ጠብቋል። መጥበቁ ጥሩ ነው። ነገር ግን ያልተመዘገበ ልጅ በማከፋፈያው ቦታ በጎረቤት ምስክርነት የሚካተትበት መንገድም አብሮ ጠቧል፤ የሰው ቁጥሩ ገና ከመነሻው ትክክል መሆን ያለበት ለዚህም ነው።

የምግብ ዋስትና ኃላፊዎች ይህን ቢያነቡ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በሚለጠፈው ዝርዝር ላይ ከስሙ ቀጥሎ ሁለት ዐምድ ይጨመር፤ በአንደኛው የቤተሰቡ ትክክለኛ የሰው ብዛት፣ በሌላኛው የተመዘገበው። ከሥር ደግሞ መስፈርቱን አሟልተው በኮታ ማነስ የቀሩት ስማቸው ይጻፍ። ለዚህ አዲስ በጀትም አዲስ መመሪያም አያስፈልግም፤ ከሚቀጥለው ልየታ ጀምሮ በማንኛውም ቀበሌ ሊሠራ ይችላል።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ