ግማሽ ኩንታል ወረቀት በደብተር ቦርሳ አይገባም

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

በ1969 ዓ.ም. ስለነበረው የኅቡዕ ትግልና ክህደት በሚተርከው ፊልም ላይ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብነው። ዘጋቢያችሁ በከተማችን በድሬዳዋ፣ በከዚራ ሰፈር የሚታየውን የወረቀት ማባዣ መኪና ትዕይንት «እንደ ሰነድ የሚታመን» ብሎታል። ወጣቱ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ስቴንስል 10,000 ወረቀት አባዝቶ በደብተር ቦርሳ ይዞት የሚወጣበትን ማለት ነው።

እስቲ እናስላው። 10,000 ወረቀት ባለ 500ው እሽግ 20 ነው። ባለ 80 ግራሙ ኤፎር አንዱ እሽግ 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ድምሩ 50 ኪሎ፣ ግማሽ ኩንታል! ይህንን ማንም ሳይጠይቅ ማተም ምን ዓይነት ጋዜጠኝነት ነው?

ስቴንስል ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው። የጽሕፈት መኪናው ሪባን ከመንገድ ይነሳና ብረቱ ፊደል ሰሙን በቀጥታ ይበሳዋል፤ ቀለም የሚያልፈው በዚያ ነው። ጠንክሮ ከተመታ የ«ዐ» እና የ«ፀ» ክብ መሀሉ ተቆርጦ ይወድቅና ፊደሉ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል፤ ላላ ካለ ደግሞ ቀለሙ አያልፍም። ስሕተቱ በማረሚያ ፈሳሽ ተደፍኖ ሳይደርቅ ከተመታ ይቀደዳል። በድሬዳዋ ሙቀት ሰሙ ይለሰልሳል፣ ቀለሙ ይቀጥናል፣ ስቴንስሉ በእጅ በሚዞረው የማባዣው ከበሮ ላይ ይሸበሸባል። ደህናውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሺህ ቅጂ በኋላ ይደበዝዛል፤ ያው ጽሑፍ እንደገና ይመታል። መስኮት ቢከፈት የእጀታው ድምፅ ጎረቤት ይደርሳል፣ ቢዘጋ ክፍሉ ያፍናል።

ይህን የምንዘረዝረው ክህደቱ ያለዚህ ስለማይገባ ነው። ያን ያህል ወረቀት ከመጋዘን ሲወጣ የሚያውቅ ሰው አለ። ፊደሉ የተጎዳ የጽሕፈት መኪና የየትኛው ቢሮ እንደሆነ ራሱ ያሳብቃል። በፊልሙ ከዳተኛው በቅናት ተነሳስቶ የጓዶቹን ሁሉ ስም ይዘረዝራል፤ እናንተም አጨበጨባችሁ። በሕዋስ፣ ማለትም በጥቂት ሰዎች የምስጢር ቡድን፣ የተደራጀ ሰው እኮ ከራሱ ሕዋስ ውጭ ስም አያውቅም፤ ያም ቢሆን የትግል ስም ነው። የተያዘውን በየመንገዱ እያዞሩ በመልክ ያስጠቁሙት የነበረው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የከፋው ማምለጫው ነው። ከዳተኛው መስከረም 1970 በባቡር ጅቡቲ ይገባል! ሐዲዱ በዚያን ጊዜ በጦርነቱ ተቆርጦ ነበር። የሶማሊያ ጦር ነሐሴ 1969 ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ነው የተመለሰው። እዚህ የነበረ ወጣት በአንድ ወገን «ፀረ አብዮት»፣ በሌላ ወገን «ሰርጎ ገብ» እየተባለ በሁለት ጥርጣሬ መሀል ነበር። ዘገባችሁ ግን ከተማችንን «ጸጥ ያለች መሸጋገሪያ» ብሎ አለፋት። የምድር ባቡርና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ በአንድ መስመር እንኳ አልተነሳም። ትግሉን የአዲስ አበባ ተማሪ ብቻ ማድረግ እስከ መቼ ነው?

«እንደ ሰነድ የሚታመን» ያላችሁትን አንሱ፤ የባቡሩንም ነገር በዚያው ገጽ አስተካክሉ። የሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ጡረተኞች ዛሬም እዚሁ ድሬዳዋ ይኖራሉ፤ ቀጣዩን ከመጻፋችሁ በፊት መጥታችሁ ጠይቋቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከድሬዳዋ አንባቢዎቻችሁ