የመነጽሩ ብር

ባሕር ዳር፣ ግንቦት 20 ቀን

ልጄ ዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ።

እንግዲህ ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። ለመነጽር ብለሽ የላክሽው 12,000 ብር የለም፤ የምኖርባት ጀልባ በላችው። በስልክ ስትጠይቂኝ «ነገ ሐኪሙ ጋ እሄዳለሁ» ያልኩሽ ዋሽቼ ነው። ድምፅሽን እየሰማሁ እውነቱን ማውጣት ስላቃተኝ በደብዳቤ ያዝኩት።

ነገሩ የጀመረው ከዘጌ ስመለስ ነው። 2 ኩንታል ቡናና ስለታቸውን ለኪዳነ ምሕረት አግብተው የሚመለሱ ሴቶች ጭኛለሁ። ክብራን ገብርኤል ደሴትን እንዳለፍኩ የሞተሩ ድምፅ ሻከረብኝ፤ ወዲያው ነጭ እንፋሎት ወጣ። አጠፋሁት። ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ገፍቶ ያመጣው የእምቦጭ ቁራጭ የውሃ መሳቢያውን አፍኖታል። የእኔ ሞተር የሚቀዘቅዘው የሐይቁን ውሃ እየሳበ ነው፤ መሳቢያው ከታፈነ ውስጡ የቀረው ውሃ ወዲያው ይንተከተካል። ጣና 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለሆነ ደግሞ እዚህ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይሞላ በ94 ገደማ ይፈላል። ሴቶቹ እልልታውን ትተው እግዚኦታ ጀመሩ። መልሕቅ ጥዬ እምቦጩን በእጄ ጎልጉዬ አወጣሁና በዝግታ አስገባኋቸው።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ማታ ውሃ የሚስበውን ፓምፕ ፈትቼ ባየው በውስጡ የምትዞረው ጎማ ከ6 ምላሷ ሁለቱ ተቆርጠዋል። የተቆረጠው ቱቦ ውስጥ ከቀረ ነገ መልሶ ያፍናልና ፍለጋ ገባሁ። አንዱን ቱቦው የሚታጠፍበት ላይ አገኘሁት። ሁለተኛውን ፍለጋ ሳንቃውን ሁሉ ሳነሣ እጄ እርጥብ ነካ። በሞተሩ በኩል እንኳ አይደለም፤ ከፍራሼ ሥር ነው። ዝናብ አልጣለ፣ ጀሪካን አልተደፋ!

እዚያ ቦታ ሲሚንቶ ተሞልቷል። የሸጠልኝ ሰውዬ «ሚዛን እንዲጠብቅ ነው» ብሎ ምሎልኝ ነበር። ስንጥቁን በካቻቢቴ ብፈነቅለው ከሥሩ ብረቱ እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ይነሣል። ለካ ሲሚንቶው ቀዳዳ መሸፈኛ ኖሯል። እኔም ብሆን ያኔ በመዶሻ ሳልነካ መግዛቴ ጅልነት ነው።

ደግነቱ ግንቦት ነው፤ ሐይቁ ጎድሎ ዳርቻው ሰፍቷል። መስከረም ቢሆን ሞልቶ የት አወጣት ነበር? የሰፈሩ ልጆች እንደ ወንፈል ተሰብስበው፣ የባሕር ዛፍ ግንድ ከሥሯ እያንከባለሉ በገመድ ጎተቱልኝ። ጠላና ሽሮ እኔ ቻልኩ።

ከዚያ ከሆዷ ሥር ተጋድሜ በመዶሻ እየነካሁ ማዳመጥ ያዝኩ። ደህናው ላሜራ ሲመታ እንደ ደወል ይጮኻል። የበሰበሰው እንደ እርጥብ ዳቦ ዱብ ነው የሚል። ዱብ ያለውን ሁሉ በጠመኔ እየከበብኩ ሄድኩ። መዳፍ ታህላለች ብዬ የጀመርኳት ቀዳዳ የእንጀራ ምጣድ አከለች።

በያጁ ልጅ «አባባ፣ ከላዩ ልለጥፍልዎት፣ በርካሽ ያልቃል» አለኝ። እንቢ አልኩ። የሳሳ ብረት እሳት ሲነካው ይበሳል፤ ስንለጥፍ ስንለጥፍ ክረምቱ ሊደርስ ነው። ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ተቆርጦ ባለ 5 ሚሊሜትር ላሜራ ገባበት። የናፍታ ጋኑን፣ ፍራሼን፣ ጋቢዬን ሳይቀር አስቀድሜ አውጥቼ ነበር፤ ብልጭታ ጊዜ አይሰጥም። ላሜራው፣ ብየዳው፣ ፀረ ዝገት ቀለሙ ብርሽን ጨረሰው።

6 ሌሊት መሬት ላይ እንደቆመች ውስጧ ተኛሁ። እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ አትወዛወዝማ!

አሁን ውሃ ላይ ነን። ጀልባዋን የሚገፋት የኤሊካው ዘንግ በሚወጣበት በኩል ብቻ ታንጠባጥባለች። እሱ አያስፈራሽ፤ ዘንጉ ሲዞር ጠብ ጠብ ማለት አለበት፤ ማሸጊያውን ጨርሼ ካጠበቅሁት ግሎ ዘንጉን ይበላዋል። ሞተሩ ሲቆም ግን ጠብታው መቆም አለበት። ማታ ማታ ከሥሩ የቲማቲም ቆርቆሮ አድርጌ አዳምጣለሁ። ትናንት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ድምፅ የለም።

«መሬት ላይ ክፍል ተከራይ» ትይኛለሽ። ቤትም እኮ ያፈሳል፤ ልዩነቱ ቤት ሲያፈስ ባልዲ ታስቀምጫለሽ፣ ጀልባ ሲያፈስ ባልዲው ውስጥ ያለሽው አንቺ ነሽ። ምክርሽ ልክ ሳይሆን አይቀርም፣ አልከራከርሽም። ባለ ታንኳዎቹን ሳይ እቀናለሁ፤ ደንገሏን ሲመሽ አውጥተው ያደርቋታል፣ ከጥቂት ወር በኋላ ስትበሰብስ ሌላ ያስራሉ። እኔ ብረት ነው ብዬ ተመጻድቄ ይኸው።

አንድ ነገር ግን ላስቸግርሽ። ያችን የፓምፕ ጎማ እዚህ አጣኋት። ናሙናዋን ለማውቀው ሹፌር ሰጥቼዋለሁ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ በዚህ ሳምንት ያደርስልሻል። ሶማሌ ተራ ጠይቂልኝ። ምላሷ 6 ይሁን፣ መሐል ቀዳዳዋም እኩል ይሁን፤ «ትሆናለች» ቢሉሽ እንዳትገዢ፣ አስለኪያቸው። ሁለት ካገኘሽ ሁለቱንም።

መነጽሩ ለመስከረም ይደርሳል። ይህን የጻፍኩት ከዲያቆኑ ተውሼ ነው፣ አሁን ለሠርክ ጸሎት ሊወስደው ዳርቻው ላይ ቆሞ ይጠራኛል።

አባትሽ