ለአባቴ፦ ስለ ካውንቱ የጠየቁኝን ስመልስ

ኤስኪልስቱና፣ ስዊድን
የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤ ድሬዳዋ።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ሥራውም ብርዱም የለመድሁት ነው። ሰላምታውን በዚህ አሳጥሬ ወደ ጉዳዬ የምገባው፣ አራት ወር ሙሉ ዝም ማለቴ በሰላምታ ብዛት እንደማይሸፈን ስለማውቅ ነው። እህቴ ይህን ደብዳቤ በቀኝዎ በኩል ተቀምጣ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ሳትቸኩል እንድታነብልዎ አደራ ብያታለሁ። የግራ ጆሮዎን የአውሮፕላን ሞተር ከወሰደብዎ ወዲህ ስልክ ለእርስዎና ለእኔ አልሆነንም፤ የምናገረው ሲጠፋብዎ «እሺ ልጄ፣ እሺ» የሚሉኝ ነገር፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ አብሮኝ ያድራል።

አስቀድሜ ስለ ገንዘቡ ልናገር። በኅዳር የላክሁት የዓይንዎ ሞራ እንዲገፈፍበት እንጂ ለሠርግ ድንኳን አልነበረም። ድንኳኑና በሬው ከየት መጡ ብዬ እህቴን ስጠይቃት ዝም ብላ ቆይታ አለቀሰች፤ ያን ጊዜ ገባኝ። ተቆጥቻለሁ፤ ቁጣዬ ግን በእርስዎ ላይ ይሁን፣ ለሁለቱም የሚበቃ መላክ ባቃተኝ በራሴ ላይ ይሁን ለይቼ አላውቀውም። ከሠርጉ ፎቶግራፎች አንዱን በስልኬ አስፍቼ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሙሽሪት እጅዎን ይዛ ቆማለች፤ ሙሽራውም ሚዜዎቹም ወደ ካሜራው ይመለከታሉ፤ እርስዎ ብቻ ፈገግ ብለው ወደ ግራ፣ ማንም ወደሌለበት ባዶ ቦታ ያያሉ። ፎቶ አንሺው የት እንደቆመ አላዩትም ነበር። ሰው ሁሉ ስለ ቀሚሷ ሲጽፍልኝ እኔ የማየው ይህን ነበር።

እህቴ እንዳወጋችኝ፣ በመልሱ ማግሥት ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሲጫወቱ፣ የባቡር ጡረተኛው ጓደኛዎ የአየር ኃይላችንን አብራሪዎች ያሠለጠነውን ስዊድናዊ መኮንን ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘንን «ቅጥረኛ ነበር» ብለዋቸዋል፤ እርስዎም ተነሥተው «ልጄ ያለው እሱ አገር ነው፤ አጣርቶ ይጻፍልኝ» ብለዋል። ለእህቴ ሠርግ ያልመጣሁ ልጅ ይህንን ትእዛዝ እንኳ ብነፍግዎ ምን ሰው እባላለሁ? ስለዚህ አነበብሁ፣ ሄጄም አየሁ፤ የሚያስደስትዎንም የማያስደስትዎንም ሳልደብቅ እጽፍልዎታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ባቡር ተሳፍሬ ፍሌን ወረድሁ፤ ከዚያ ደግሞ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በመኪናው ሮከልስታድ ወደሚባለው፣ ካውንቱ ወዳደገበት ቤት ወሰደኝ። ቦቨን ከሚባል ሐይቅ ዳር የቆመ፣ ማማዎች ያሉት ትልቅ ቤት ነው። ሐይቁ ረግቶ ነጭ ሜዳ ሆኗል፤ ባልደረባዬ በረዶው ላይ ቆሞ ሲጠራኝ ለመርገጥ ፈራሁ። የድሬው ወንዛችን ደቻቱ ደርቆ በአሸዋው ላይ ስንሮጥ «ደራሽ ይመጣል፣ ውጡ!» እያሉ የሚጮኹብን ትዝ አለኝና እዚያው ዳር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

የዚህ ቤት ታሪክ ከባድ ነው። የካውንቱ አባት በ1918 እ.ኤ.አ. ለፊንላንድ የመጀመሪያዋን የጦር አውሮፕላን በስጦታ የሰጠ ሰው ነው። በኋላ የሂትለር አየር ኃይል አዛዥ የሆነው ኸርማን ጎሪንግ ደግሞ የካውንቱን የእናቱን እህት ካሪንን አግብቶ ነበር፤ የተዋወቁትም በዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ይህን ሳነብ ለጓደኛዎ መልስ የሚሆን ሳይሆን ለክርክራቸው ስንቅ የሚሆን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ዳሩ ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካውንቱ ጎሪንግን ለመውጋት የእንግሊዝን አየር ኃይል ልግባ ብሎ ጠይቆ፣ ያልተቀበሉት በዚሁ ዝምድና ምክንያት ነው። ሰው የአክስቱን ባል አይመርጥም፤ በማን ላይ እንደሚዘምት ግን ይመርጣል፤ እሱም መርጦ ነበር።

ወደ እኛ አገር መጀመሪያ የመጣው በ1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ሲወረን፣ ከስዊድን ቀይ መስቀል ጋር ነው። ያኔ ገና 26 ዓመቱ ነበር። ቦምብ አልጣለም፤ ቁስለኛ ያመላልስ ነበር። የቀይ መስቀሉ ጓድ ራሱ በታኅሣሥ 1928 መልካ ዲዳ ላይ በጣሊያን አውሮፕላኖች እንደተደበደበ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ ፊንላንድ በሶቪየት ስትወረር ዲሲ-2 የምትባል የመንገደኛ አውሮፕላን ገዝቶ፣ ቦምብ እንድትጥል አስለውጦ፣ በ1932 የካቲት ላይ ራሱ እያበረረ ተዋጋባት። አባትዬው ለፊንላንድ አውሮፕላን ሰጠ፤ ልጅዬው ደግሞ ራሱ እያበረረ ተዋጋላት። የጦር አብራሪነቱ እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል።

አሁን ወደ እርስዎ ዘመን እየቀረብሁ ነው። ጃንሆይ አየር ኃይሉን እንደገና ሲያቋቁሙ፣ ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ ለ10 ዓመት ያህል ቢሾፍቱ ላይ ዋና አሠልጣኝና መሪ ሆኖ የቆየው እሱ ነው። ሳፊር የሚባሉት የመለማመጃ አውሮፕላኖችና ከ40 በላይ ሳብ-17 ቦምብ ጣዮች ከስዊድን የመጡት በዚያ ዘመን ነው። እኔ ስለ ጀግንነቱ ከተጻፈው ሁሉ ይበልጥ የማከብርለት ይህን 10 ዓመት ነው። መትረየስ ፊት መብረር የአንድ ሰዓት ድፍረት ይጠይቃል፤ ሞተር ሲፈታ አይቶ የማያውቅን ወጣት ግን መፍታት ብቻ ሳይሆን መልሶ መግጠምን፣ ገጥሞም በፊርማው መረከብን ማስተማር የዓመታት ትዕግሥት ነው። እርስዎ በ1957 ሲቀጠሩ ካውንቱ ከሄደ ቆይቷል፤ አሠልጣኝዎ ግን ስዊድኖቹ ያስተማሩት ሰው እንደነበር ሁልጊዜ ይነግሩኝ ነበር።

አባዬ፣ እኔ ሌሊት የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። በፈረቃ ቅያሬ ሰዓት የወጪዋና የገቢዋ ሠራተኛ የመድኃኒቱን ሣጥን ከፍተው እያንዳንዱን ፍሬ ሁለት ጊዜ ይቆጥራሉ፤ አንድ ከጎደለ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የመጀመሪያ ሌሊት ይህን ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ። እርስዎ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመኝታ ቤቱ ያንን አረንጓዴ ሸራ አውጥተው በረንዳው ላይ ያነጥፉና፣ መፍቻውን በየቁጥሩ፣ ካቻቢቴውንና ፒንሳውን በየመስመሩ ይደረድሩ ነበር፤ ከዚያ እኔን አስቀምጠው «ቁጠር» ይሉኝ ነበር። 31 ነበሩ። «አንድ መፍቻ ሞተር ውስጥ ከተረሳ አብራሪው አይመለስም» ሲሉኝ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አሁን የማያውቁኝ ሽማግሌዎች መድኃኒት ስቆጥር፣ የእርስዎን ጠብታ ማን በሰዓቱ እንደሚያደርግልዎ አስባለሁ፤ ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ ባልጽፍ ይሻላል።

የማያስደስትዎ ይህ ነው። በግንቦት 1961፣ 59 ዓመቱ ሳለ፣ ከአምስት ትንንሽ የመለማመጃ አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር ሮኬት አስገጥሞ፣ ለቢያፍራ ተገንጣዮች በመወገን የናይጄሪያን አየር ማረፊያዎች መታ። ከዚያ በፊት ለተራቡት እህል ያመላልስ ነበር፤ የሕፃናቱን ረሃብ አይቶ መታገሥ እንዳቃተው ይነገራል። ነገር ግን በዚያው ሰዓት የእርሱ የቀድሞ ጌታ ጃንሆይ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስም ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ ይደክሙ ነበር፤ ድርጅቱም የናይጄሪያን አንድነት ደግፎ ቆሟል። ጓደኛዎ «ቅጥረኛ» የሚሉት ይህን ይዘው ከሆነ ቃሉ ያለቦታው ነው፤ ለገንዘብ ብሎ የገባበት ጦርነት አላገኘሁም። «ያልተላከበት ገባ» ቢሉ ግን መልስ የለኝም። ወታደር ሆኖ በሌላ አገር ጦርነት ጎራ መምረጥን እኔ አልወድለትም፤ እርስዎም የሚወዱለት አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ በ1966 ድርቅ ጊዜ ተመልሶ መጣ፤ መኪና በማይደርስበት ቦታ፣ ቦምብ በሚንጠለጠልበት ክንፍ ሥር የእህል ከረጢት አንጠልጥሎ ዝቅ ብሎ እየበረረ ይጥል ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ጎዴ ላይ፣ ለተራቡት ሊሠራ በመጣበት፣ የሶማሊያ ጦር ድንገት ሲያጠቃ በምድር ላይ ሳለ ተገደለ። 67 ዓመቱ ነበር። ከፊንላንድ እስከ ቢያፍራ ከሰማይ በሰላም እየወረደ፣ ሞት ያገኘው መሬት ላይ ነው።

በነሐሴ ጦርነቱ ድሬዳዋ ደጃፍ ሲደርስ፣ ከዚያም ጅጅጋ ስትያዝ፣ እስከ ካራማራ ድል እስከ የካቲት 26 ቀን 1970 ድረስ እርስዎ ከአየር ማረፊያው ወጥተው ቤት ያደሩባቸውን ሌሊቶች እማዬ በጣቷ ቆጥራ ትነግረን ነበር። በዚያ ዘመን ከበረሩት አንዱ፣ በኋላ ብርጋዴር ጄኔራል የሆኑት ለገሠ ተፈራ፣ ተመትተው ወድቀው 11 ዓመት ያህል በሶማሊያ እስር ሲቆዩ፣ ስማቸው በራዲዮ በተጠራ ቁጥር እርስዎ ተነሥተው ይቆሙ እንደነበር አልረሳሁም። የእኛ አብራሪዎች ሰማዩን የያዙት ካውንቱ ከሄደ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሌላ አገር አውሮፕላን ነው። ቢሆንም መፍቻው ከሸራው ላይ እንዳይጎድል የሚቆጥር ሰው ከሥር ባይኖር ኖሮ አንዳቸውም አይነሡም ነበር። ለጓደኛዎ ይህን ይንገሩልኝ፤ ስለ ካውንቱ ሳይሆን ስለ እርስዎ ብዬ ነው የምለው።

ገንዘብ ደግሜ ልኬያለሁ። የላክሁት በአማቻችን በኩል ነው፤ ሐኪሙ ዘንድ ራሱ ወስዶ ራሱ እንዲከፍል ቃል አስገብቼዋለሁና እባክዎን አይከልክሉት፤ ለእህቴ ዕቃ መግዣ ለብቻው አስቤያለሁ። በሐምሌ እመጣለሁ ብዬ አልዋሽዎትም፤ ወረቀቴ ገና አላለቀም፤ ሲያልቅ የመጀመሪያው ጉዞዬ ወደ ድሬ ነው።

አንድ ነገር ይመልሱልኝ፤ እህቴ ትጻፍልኝ። ቢሾፍቱ ላይ መሣሪያ መቁጠርን ያስተማረዎትን ሰው ሁልጊዜ «የእኔ አለቃ» ይሉታል እንጂ ስሙን ነግረውኝ አያውቁም። ማን ነበር?

ልጅዎ