ሽሮ ሜዳ ላይ ጥበቡ እያለ ቋንቋው እየሄደ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ሽሮ ሜዳ ሲጻፍ የሚነሳው ዘወትር የቀሚስ ዋጋ ነው። በእንጦጦ ግርጌ የጋሞ ሸማኔዎች የሚሠሩት ጥለት «የአበሻ ልብስ» ተብሎ የሁሉም ሆኗል፤ ጋሞኛው ግን ከልጆቻቸው አፍ እየጠፋ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በትምህርት ቤት ማላከክ ልክ አይደለም። ልጅ ቋንቋውን የሚሰማው ሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ዙሪያ ነበር፤ አባት መወርወሪያውን ሲወረውር፣ ልጅ ማጉን በቀሰም ሲያጠነጥን። ልጆች ከሸማ ሥራ ወጥተው መማራቸው ትክክል ነው፤ በዚህ ማንም ሊከራከር አይገባም። ግን ያ የጨዋታ ሰዓት ሲቀር በምንም አልተተካም።

ስድቡም አለ። ዳግማዊ ምኒልክ ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» ማለትን በ1900 ዓ.ም በአዋጅ ከልክለው ነበር። ዛሬ ደግሞ «ዶርዜ» የሚለው ስም ለስድብ ሲውል ይሰማል። ዶርዜ በጨንቻ አካባቢ ያለ አንድ የጋሞ ደሬ (የአካባቢ ማኅበረሰብ) ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ከሌሎቹ ደሬዎች፣ ከዶኮም ከኤዞም የመጣው ሁሉ ዶርዜ ይባላል። ወላጅ ልጁ እንዳይሰደብ ብሎ ቤቱም ውስጥ በአማርኛ ያወራል።

የእሑድ የጋሞኛ ትምህርት ለመክፈት የምታስቡ፣ በደብተር አትጀምሩ። ጋሞኛ ለዓመታት ሲጻፍ የቆየው በላቲን ፊደል ነው፤ የሽሮ ሜዳ ወላጅ የለመደው ደግሞ የግእዝ ፊደል ስለሆነ ልጁን ቤት ውስጥ የሚያስጠናው አይኖርም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ወራት በጆሮና በአፍ ብቻ ይሁኑ። ወደ ውስጥ የሚሳበውን «ዸ» አማርኛ ብቻ የሰማ ልጅ «ደ» ያደርገዋል። የአናባቢ መርዘምና ማጠርም ቃል ይለያል፤ ላቲኑ ረጅሙን አናባቢ ፊደሉን ሁለት ጊዜ አድርጎ ይጽፈዋል፣ ግእዙ አያሳየውም። ጆሮው ያልለመደ ልጅ በየትኛውም ፊደል ቢያነብ ይስታል።

ጊዜውም ይታሰብበት። ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ትእዛዝ ስለሚበዛ ሸማኔው ሌሊትም ይሠራል፤ ያኔ የተከፈተ ክፍል ወላጅ አያገኝም። ከፋሲካ በኋላ ይሻላል። ለመስቀል ቤተሰብ ወደ ጋሞ ሲወጣ ትምህርት ተከፍቶ ስለሚሆን ልጆቹ እዚሁ ይቀራሉ። የሚችል ሰው ልጁን በነሐሴ ወደ አያቶቹ ይላከው፤ አማርኛ በማይሰማበት ግቢ የሚያሳልፈው ወር ከአንድ ዓመት የእሑድ ትምህርት ይበልጣል።

እናንተም ስለ ጥበብ ልብስ ስትጽፉ ሸማኔውን ከየትኛው ደሬ እንደመጣ ጠይቁት፤ መልሱንም አትሙት።

ከሽሮ ሜዳ