ፒያሳን ለምን አልለቀቅንም? ለፍሬም ቤታችን ደንበኞች የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ "የፍሬም ዋጋ ለምን ጨመረ? ሥራውስ ለምን ዘገየ?" ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ልናስረዳችሁ ወደናል።

የድሮው ሱቃችን በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ከፈረሱት ቤቶች አንዱ ነበር። ያኔ ከፒያሳ ርቆ በከተማዋ ምሥራቅ ዳር አያት በሚባለው ሰፈር ማሽኑንም እንጨቱንም አንድ ላይ የሚይዝ ሰፊ ቦታ በርካሽ ኪራይ አግኝተን ነበር። እዚሁ አራዳ ውስጥ ደግሞ፣ ከሀገር ፍቅር ቲያትር ብዙም ሳይርቅ፣ የድሮውን ሲሶ የምታህል ክፍል ተገኘች፤ ኪራይዋ ግን ውድ ነው። እኛ ጠባቧን መረጥን።

ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሚመጣ ተማሪ ሥዕሉን ይዞ ከአምስት ኪሎ በእግሩ ነው የሚወርደው። ሁለት ሜትር ሸራ ታክሲ ውስጥ አይገባም። ቀለሙ ገና እርጥብ ከሆነማ ጠርዙን በጣቶቹ ጫፍ ይዞ፣ ነፋስ ሲነሳ ጀርባውን እየሰጠ፣ ሰው እንዳይነካበት "አንዴ ይቅርታ! አንዴ!" እያለ ነው የሚደርሰው። እኛ አያት ብንገባ ይህ ልጅ ኮንትራት መኪና ሊይዝ ነው፤ የመኪናው ሒሳብ ደግሞ ከፍሬሙ ይበልጥበታል።

የጥበብ ሰፈር የሚባለው እንዲህ ባለ ቅርበት የሚሠራ ይመስለናል። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ዋዜማ ሕዝቡን ለማነቃቃት ሲቋቋም ጀምሮ፣ በዙሪያው ልብስ ሰፊው፣ ወርቅ ሠሪው፣ መጽሐፍ ሻጩ፣ ቡና ቤቱ በእግር የሚደረስባቸው ነበሩ። የጣይቱ ሆቴል የጃዝ አዳራሽ በጥር 2007 ዓ.ም. ሲቃጠል ያዘንነው ለግድግዳው ብቻ አልነበረም፤ ሙዚቀኞች ማታ ማታ የሚገናኙበት ቤት ነው የጠፋው።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከተመረቀ ወዲህ እግረኛው በዝቷል፤ መንገዱ ሰፍቷል፤ ማታም ብርሃን ነው። ከልብ ደስ ብሎናል። ሆኖም ሠዓሊው፣ አናጺውና ልብስ ሰፊው በአካባቢው የሚሠሩበት ክፍል ካጡ፣ ሰፈሩ ለጎብኚ ፎቶ መነሻ ሆኖ ይቀራል። አዳዲስ ሕንፃ ለምትሠሩ ደንበኞቻችን አንድ ልመና አለን፦ ከመሬት ወለሉ አንዲት ክፍል ብቻ፣ ኪራይዋ ለተወሰኑ ዓመታት እንዳይጨምር ተዋውላችሁ፣ ለባለሙያ ስጡ።

አሁን ወደ ሥራችን። ክፍሏ ስለጠበበች እንጨት መቁረጡን ወደ ከተማው ዳር አውጥተነዋል። ጣውላው በ45 ዲግሪ ተቆርጦ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣልናል፤ እዚህ ማዕዘኑን እንገጥማለን፣ ሸራ እንወጥራለን፣ መስታወት እናስገባለን። በሦስት ቀን ይደርስ የነበረው አሁን ሳምንት የሚፈጀው ለዚህ ነው። ዋጋውን የጨመርነው በኪራዩ ምክንያት ነው፤ የተማሪ መታወቂያ ለያዘ ግን የድሮው ዋጋ አልተነካም። በበሩ በኩል ያለውን ግድግዳም ለተማሪዎች ሥዕል ትተነዋል፤ ከተሸጠ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ የሠዓሊው ነው።

በመጨረሻም፣ ዕቃ ስናዛውር ባለቤታቸው ያልወሰዳቸው 11 ሥራዎች እኛ ጋ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። አንዱ የሠርግ ፎቶ ነው፤ አንዱ የገብርኤል ሥዕል ነው። ደረሰኙ ከጠፋባችሁ መጠኑንና የፍሬሙን ቀለም ንገሩን፣ ፈልገን እናስረክባችኋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የፍሬም ቤታችሁ ሠራተኞች